ሰባት ልጆች፣ ሁለት ክፍል ቤት፣ አንድ ሐይቅ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የሰባት ልጆች እናት ነኝ። ትልቋ 14 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ ገና ሁለት አልሞላውም። አገራችን ገጠር ነው። የልጆቹ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ቆየ። ባለቤቴ ባሕር ዳር ሥራ ሲያገኝ ሐምሌ ላይ ጓዛችንን ጠቅልለን መጣን፣ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተን አለን። መሸኛ ስላልያዝን ምዝገባው ዛሬ ነገ ሲባል ጥቅምት ገባ። እኔ እስከ አሥረኛ ክፍል ተምሬያለሁ። ዝም ብለው ከሚውሉ ብዬ እቤት ማስተማር ጀመርኩ። ጠዋት ሁሉንም ምንጣፍ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ይተኛል፣ እኔም እጮሃለሁ።

በዓሉም አልሆነልንም። እንቁጣጣሽ እንዲሁ አለፈ። መስቀል ደግሞ በኛ ቀዬ ደመራ የሚለኮሰው በ17 ጎህ ሲቀድ ነው፤ እዚህ ጎረቤቶቻችን በ16 ለኮሱና ጨረሱ። ሦስተኛው ልጄ ጠዋት ተነስቶ አመዱን አየና «እማ፣ የኛስ?» አለኝ። የምለው አጣሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወጣ እንበል ስል ደግሞ የዘጠኝ ሰው ትራንስፖርት ያስቡት። ወደ አገራችን እስክንመለስ እንዲሁ እንቆይ ወይስ ምን ላድርግ?

የሰባት ልጆች እናት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እኅቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የልጅሽ «የኛስ?» አንጀቴን በላኝ። እሱን ላስቀድም፣ ወደ ትምህርቱ እንመጣለን።

«እስክንመለስ» የምትይውን ነገር ተይው። የምትመለሱበት ቀን ካልታወቀ ልጆቹ ያለ በዓል ሊከርሙ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ለከርሞ ሰባት ዓመቱ ነው፣ የዘንድሮው መስቀል ቆሞ አይጠብቀውም። ለከርሞም እዚሁ ከሆናችሁ ደመራችሁን በ17 ጠዋት ለኩሱ። ሥርዓቱ በየአገሩ ይለያያል፣ አንዱ በዋዜማው ይለኩሳል፣ አንዱ ሲነጋ፤ ሁለቱም መስቀል ነው። አከራይሽን አስፈቅደሽ ግቢው በር ላይ ከልጆቹ ቁመት የማይበልጥ ትንሽ ደመራ አቁሚ፣ አደይ ጣል አድርጊበት፣ ይበቃል። አያታቸው አገር ቤት ካሉ ከአሁኑ ይደወልላቸው። ልጆቹ ራሳቸው ይጠይቁ፦ እንጨቱ ከየት ይመጣል? መጀመሪያ የሚለኩሰው ማን ነው? ደመራው ወዴት ሲወድቅ ጥሩ ነው ይባላል? ትልቋ ትጻፈው። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ከዚህ የተሻለ የአማርኛ ድርሰት የለም።

አሁን ደግሞ ጽጌ ላይ ነን። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5፣ አርባ ቀን ነው። አገሩ በአበባ የሚሸፈንበት ጊዜ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ከሄሮድስ ሸሽታ መሰደዷን ታስብበታለች። ኅዳር 6 ቁስቋም ነው። እዚሁ ጣና ላይ፣ የጣና ቂርቆስ አባቶች እመቤታችን በስደቷ ጊዜ እዚያች ደሴት መጥታ ሦስት ወር ከዐሥር ቀን እንደተቀመጠች ይናገራሉ። ይህን ለልጆችሽ ማታ እራት ላይ ንገሪያቸው። ቤት ለቆ፣ ጓዝ ጠቅልሎ፣ በሰው አገር መክረም ምን እንደሆነ ያውቁታል፤ ሌላ ልጅ ተረት ብሎ የሚሰማውን እነሱ የራሳቸው አድርገው ነው የሚሰሙት። ቅዳሜ ሌሊት ማኅሌተ ጽጌ ሲቆም አባታቸው ትልልቆቹን ይዟቸው ይሂድ። ከበሮውንና ጸናጽሉን ይስሙ። እንቅልፍ ከጣላቸውም ጥግ ይዘው ይተኙ። እኔ ማኅሌት የለመድኩት በአባቴ ጋቢ ተጠቅልዬ ነው፣ ግማሹን በእንቅልፍ ልቤ የሰማሁት ዜማ እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም።

ለትንንሾቹ አበባው ራሱ ትምህርት ነው። አደይ ሊረግፍ ነው። ከአደይ በኋላ የሚፈካው የትኛው ነው? እያንዳንዱ ልጅ በሳምንት አንድ አበባ ያምጣ፣ ደብተር ውስጥ ተጭኖ ይድረቅ፣ ከሥሩ ስሙ፣ የተገኘበት ቦታና ቀኑ ይጻፍ። ስሙን ካላወቁት ጎረቤት ያሉ አዛውንት ይጠይቁ። እስከ ቁስቋም ስድስት ሳምንት የማይሞላ ጊዜ ነው፣ ከሰባት ልጅ ግን አንድ ደብተር ሙሉ ይወጣል።

ከዚያ ኅዳር 12 ይመጣል። ሚካኤል ነው፣ ኅዳር የሚታጠንበትም ቀን። ግቢውን ይጥረጉ፣ ቅጠላ ቅጠሉን ሰብስበው ያጭሱ (ፕላስቲኩን ለይታችሁ አስቀሩት፣ ጭሱ ለሕፃን ጥሩ አይደለም)። ለምን እንደሚታጠን አብራሪላቸው። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ያኔ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አገራችንም ገብቶ ብዙ ሰው ጨረሰ፣ «የኅዳር በሽታ» ተባለ፣ ጥራጊ ሰብስቦ ማጨሱም ከዚያ ጋር ተያይዞ የቆየ ልማድ ነው። ይኸው አንድ መጥረጊያና አንድ ክብሪት ይዘሽ ታሪክም ጤናም አስተማርሽ።

ወደ ትምህርቱ ልምጣ። ሰባት ልጅ አንድ ምንጣፍ ላይ ደርድሮ አንድ ነገር ማስተማር አይሆንም። ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ፣ እኔም አልችለውም። የአብነት ትምህርት ቤቱን አስቢው። የኔታ ሁሉንም ተማሪ ራሳቸው ቁጭ ብለው ፊደል አያስቆጥሩም። ንባብ የጨረሰው ፊደል የያዘውን ያስቆጥራል፣ ዳዊት የደረሰው ንባብ የጀመረውን ያቃናል፣ የኔታ ደግሞ ትልልቆቹን ይሰማሉ። የቆሎ ተማሪም እኮ ከእናት ከአባቱ ርቆ፣ በሰው አገር፣ ሣር ጎጆ ውስጥ ሆኖ ነው የሚማረው። አገራችን ከቤት ርቆ መማርን ከጥንት ጀምሮ ታውቅበታለች።

ስለዚህ እንዲህ ሞክሪው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት፣ በቃ። ከዚያ በላይ አትጎትቻቸው። መጀመሪያ ትልልቆቹ አንድ አንድ ታናሽ ይያዙ፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ፣ ፊደል ወይም ንባብ ወይም የማባዛት ሠንጠረዥ። አንቺ በዚያ ሰዓት ትንሹን ታቅፈሽ ሥራሽን ሥሪ። ከዚያ ትንንሾቹ ወደ ጨዋታ ይውጡና ቀሪውን ሰዓት ሁሉ ለትልልቆቹ ስጪ። ያልገባሽ ሒሳብ ቢመጣ አትደንግጪ፣ «አብረን እንየው» በይ። መጽሐፍ ከጎረቤት ልጅ ተዋሺ፤ ካጣሽ በቴሌግራም የሚዘዋወረውን በስልክሽ አውርደሽ የምትፈልጊውን ምዕራፍ ብቻ አሳትሚ።

አንድ ነገር ግን በጣም አሳስቦኛል። ልጆችሽ ስንተኛ ክፍል እንደደረሱ አልጻፍሽልኝም። ስድስተኛ ወይም ስምንተኛ የደረሰ ካለ ክልላዊ ፈተና አለበት፣ የፈተናው ምዝገባ ደግሞ በትምህርት ቤት በኩል ነው የሚያልፈው። እቤት የቱንም ያህል ብታስተምሪው ትምህርት ቤት ካልተመዘገበ ፈተናው ላይ ሊቀመጥ አይችልም። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት የክፍለ ከተማችሁ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂጂ። በእጅሽ ያለውን ሪፖርት ካርድም ሆነ አሮጌ ደብተር ያዢ። «መሸኛ ከየት አምጪ» ካሉሽ ትምህርት ቤቱ እንደተዘጋ ንገሪያቸው፣ በምትኩ ምን እንደሚቀበሉም በወረቀት እንዲጽፉልሽ ጠይቂ። ሌላ ተፈናቃይ ቤተሰብ ካወቅሽ አብራችሁ ሂዱ፣ ብቻውን የሄደን ሰው በቀላሉ ይመልሱታል። የቤት ትምህርቱ ልጆቹ እስኪመዘገቡ የሚያሻግራቸው ነው፣ ትምህርት ቤትን አይተካም።

አሁን ሽርሽሩ። ሰው ባሕር ዳርን ለማየት ከሩቅ አገር ይመጣል፣ እናንተ እሷው ውስጥ ቁጭ ብላችኋል። ግን ሐይቁን ከማየታችሁ በፊት እቤት አንድ ነገር ሥሩ። ገመድ ፈልጊና 8 ሜትር ለክተሽ ግቢው ውስጥ ዘርጊው። ልጆቹን አንዱን ካንዱ አስከትለሽ፣ የአንዱ እግር የሌላው ራስ ጋ እንዲደርስ አድርገሽ በገመዱ ልክ አስተኚያቸው። ሰባቱም ከትልቋ እስከ ሕፃኑ ሲጋደሙ 8 ሜትር ገደማ ይሞላሉ። የጣና አማካይ ጥልቀት ይኸው ነው። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሐይቅ፣ ከዳር እስከ ዳር ዐይን የማይደርስበት፣ ጥልቀቱ ግን ሰባት ልጆች ጫፍ ለጫፍ ሲጋደሙ ያህል። ልጆቹ መጀመሪያ አያምኑሽም። ይከራከሩሽ። ትልቋ ስፋትና ጥልቀት አባዝታ የውሃውን መጠን ታስላ።

ከዚያ በእግር ወደ ሐይቁ ዳር ውረዱ። ይህ ምንም አያስከፍልም። በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥሪ። ዓሣ አጥማጆቹ ጠዋት ሲመለሱ ሂዱ፣ ቀረሶውንና አምባዛውን ለይተው ሲዘረግፉ፣ ፔሊካኖቹ ደግሞ የሚጣልላቸውን አንጀት አፋቸውን ከፍተው ሲጠብቁ ታያላችሁ። ታንኳ የሚሠራ ሰው ካገኛችሁ ቁጭ በሉና እዩ። ደንገሉ ታጭዶ፣ ደርቆ፣ በእቅፍ በእቅፍ ይታሰራል፣ አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ይላል። በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች በዚህ ሙያ የታወቁ ናቸው። ታንኳው ውሃ ይጠጣል፣ ስለዚህ ከሐይቁ ሲወጣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ከወራት በኋላም በአዲስ ይተካል። ሁለተኛው ልጅሽ «ለምን አይሰምጥም?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ወዲያው አትመልሺለት፣ ቁራጭ ደንገል ስጪውና ሰብሮ ውስጡን ይይ።

በሌላ ቀን የዓባይን ድልድይ በእግር ተሻገሩ፣ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን። 380 ሜትር ነው። እያንዳንዱ ልጅ ርምጃውን ይቁጠር፣ 380ን ለርምጃው ያካፍል፣ የራሱን የርምጃ ርዝመት ያገኛል። መሃል ላይ ቁሙና ውሃው ወዴት እንደሚሄድ አሳዪያቸው። ከጣና ወጥቶ፣ ሱዳን ገብቶ፣ ግብፅን አቋርጦ ባሕር እስኪደርስ፣ መነሻው ይኸው እግራቸው ሥር ነው።

ገንዘብ የምታወጡበት ጉዞ አንድ ብቻ ከሆነ ጢስ ዓባይ ይሁን፣ እሱም ቶሎ። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፏፏቴው የሚሞላው ከክረምቱ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ነው፣ ከዚያ እየሳሳ ይሄዳል፣ ከውሃው የሚበዛው ደግሞ ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫው ይገባል። 40 ሜትር ያህል ተወርውሮ ሲወርድ የሚነሳው ጉም ሩቅ ቆመሽ ፊትሽን ያረጥበዋል፣ ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። በመንገዳችሁ ከ300 ዓመት በላይ የቆየውን የድንጋይ ድልድይ ትሻገራላችሁ። ዘጠኝ ሰው ለብቻው መኪና ከሚከራይ ከአንድ ጎረቤት ቤተሰብ ጋር ተዳብላችሁ ሚኒባስ ያዙ። ከመነሳታችሁ በፊት ያን ቀን መንገዱ እንዴት እንደሆነ ከሾፌሮች ጠይቁ፣ ይህን እንዳትዘነጊ።

ሁለት ነገር ደግሞ በጥብቅ አደራ። ልጆቹ ሐይቁ ውስጥ አይግቡ፣ ቢልሃርዝያ አለ። ደግሞም ከመስከረም እስከ ኅዳር የወባ ጊዜ ነው፣ አጎበሩ ለእንግዳ ተብሎ አይቀመጥ፣ ልጅ ትኩሳት ካለውም አሳድረሽ አትጠብቂ፣ የዚያኑ ዕለት ጤና ጣቢያ ውሰጂው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኔ 13 ዓመቴ ነው። የቤቱ ትልቅ ልጅ ነኝ። አራት ታናናሾች አሉኝ። እኛም ከሌላ ቦታ መጥተን ነው፣ ትምህርት አልጀመርንም። እማዬ ሥራ ስለምትውል እኔ ነኝ የማስተምራቸው፣ ምግብም የምሠራው እኔ ነኝ። እነሱ ማንበብ ቻሉ። እኔ ግን ሒሳብ እየረሳሁ ነው። ለእማዬ ብነግራት ታዝናለች ብዬ ፈራሁ። ምን ልበላት?

ስሜ ይቅር

መልስ፦ ልጄ፣ አራት ልጅ ማንበብ አስችለሻል። ይህን ብዙ መምህር በአንድ ዓመት አይሠራውም፣ እግዜር ይስጥሽ።

ግን ልክ ነሽ፣ ያንቺ ሒሳብ መቅረት የለበትም። ከላይ ለአንዲት እናት «ትልልቆቹ ታናናሾቹን ያስተምሩ» ብያለሁ፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ ያልኩት ግን አንቺን የመሰለ ልጅ በየቤቱ ስለማውቅ ነው። ለእናትሽ እንዲህ በያት፦ «እማ፣ እነሱን ማስተማሩን እወደዋለሁ፣ ለኔ ግን በቀን አንድ ሰዓት ማንም የማይጠራኝ ሰዓት እፈልጋለሁ።» በቃ ይህን። ሰዓቱንም አንቺው ምረጪ፣ ጠዋት ታናናሾችሽ ሳይነሱ ቢሆን ይሻላል። በየቀኑ አምስት የሒሳብ ጥያቄ ሥሪ፣ ያቃተሽን ክበቢው። ሰፈርሽ ውስጥ ዘጠነኛ ወይም አሥረኛ የደረሰች ልጅ አትጠፋም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የከበብሻቸውን ይዘሽላት ሂጂ።

ለእናት፦ ይህን ገጽ ልጅሽ ካሳየችሽ እባክሽ አትቆጫት። አትዘኝም። ሥራ የምትውይው ለነሱ እንደሆነ ታውቃለች፣ ለዚያ ነው ዝም ያለችው። ምግቡን በሳምንት ሁለት ቀን ከጎረቤት ጋር ተጋገዙ። ለምዝገባውም የመጀመሪያዋ እሷ ትሁን።

ጥያቄ፦ ሦስት ሴትና ሁለት ወንድ ልጆች አሉኝ። በዚህ በጽጌ ወቅት ጣና ላይ ካሉት ገዳማት አንዱን ላሳያቸው ፈልጌ ነበር። ሴት የማይገባባቸው እንዳሉ ሰምቻለሁ። ወንዶቹን ብቻ ልውሰድ?

አባት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይሁን፣ ሁሉንም የሚያስገባ እያለ ሴቶቹን ጀልባ ላይ ማስቀመጥ አያስፈልግም። ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስና ጣና ቂርቆስ ሴት አይገባባቸውም። ከክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ግን ለሴቶችም ክፍት ነው። ወደ ሐይቁ ገባ ባለው መሬት፣ ዘጌ ላይ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ሁሉም ይገባሉ። ለልጅ ዘጌን እመርጣለሁ። በዘጌ በሬ አይጠመድም፣ ከብትም አይረባም፣ ከጥንት የመጣ ሥርዓት ነው፣ ጫካውም የቆየው በዚያ ነው። ቡናው ዛፍ ሥር ይበቅላል፣ አሁን ደግሞ መቅላት የሚጀምርበት ጊዜ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፣ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ልጆችህ ፊደል ባይቆጥሩም ታሪኩን ከሥዕሉ ያነቡታል። ሩቅ ለመሄድ አቅሙ ካለህ ደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴ አለ፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት። እቴጌይቱ ራሳቸው በእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ሴት ልጆችህ ያን ሥዕል ቢያዩት እወዳለሁ።

በጠዋት ውጡ። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ይነሳል። አንድ ዓመት ተማሪዎቼን ይዤ ዘጌ ሄጄ ነበር፣ ልጆቹ ቡና ሲለቅሙ ሰዓቱ ሄደብንና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሳን። መሃል ስንደርስ ማዕበሉ ጀልባዋን ከጎን ይመታት ጀመር። ሁላችንም በሰበስን፣ አንዷ ልጅ ከአንገቴ አልላቀቅ አለች፣ ላይፍ ጃኬቱም ከልጆቹ ቁጥር በሦስት ያንስ ነበር። ሳልቆጥር መሳፈሬ ጥፋቱ የኔ ነው። ስለዚህ ዋጋ ከመነጋገርህ በፊት ላይፍ ጃኬቱን ቁጠር፣ ለልጅ የሚሆን መጠን መኖሩንም እይ፣ ከጎደለ ሌላ ጀልባ ፈልግ። የጀልባ ኪራይ ብዙውን ጊዜ በሰው ቁጥር ሳይሆን በጀልባው ነው፣ ሌላ ቤተሰብ ጨምረህ ብትሄድ ይቀልልሃል። ለሴቶቹ ነጠላ ያዝላቸው፣ ለትንሿ ደግሞ ጋቢ ጨምር፣ ጠዋት ውሃው ላይ ይበርዳል።